እናቴ ከኋላ ስትቀመጥ

ቡችላ በደንብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በመንገድ ሲያልፉ አየት አድርጎ «ውይ ሲያምር!» ማለቱን አይደለም የምለው። ቁጭ ብሎ፣ ሥራ ፈትቶ ማየት። እኔ ሰሞኑን ሥራዬ ይኸው ሆኗል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከቤታችን በር ፊት ለፊት ካለው ቦይ አጠገብ አንዲት ቡናማ ውሻ አራት ቡችሎች ወልዳለች። እናትየው አጠገባቸው ከተጋደመች አራቱም ጀግና ናቸው። የጭነት መኪና ሲያልፍ ይጮሁበታል። ሞተር ሳይክል ያባርራሉ። ትንሿማ፣ ጥርስ እንኳ በቅጡ ያልወጣላት፣ አንድ ቀን የጫማዬን ክር ይዛ አልለቅም ብላኛለች። እናትየው ወደ ሥጋ ቤቱ ዞር ስትል ግን ሌላ ጉድ ነው። ባዶ የውኃ ላስቲክ ተንከባሎ ቢያልፍ አራቱም ቦይ ውስጥ ይገባሉ።

እኔን የገረመኝ ምን መሰላችሁ? እናትየው ምንም አለማድረጓ። አትጮህም፣ አትናከስም፣ ቀና እንኳ አትልም። ተኝታ ነው የምትውለው። ታዲያ ያ ሁሉ ጀግንነት ከየት ይመጣል? ከእሷ ወጥቶ ነው እነሱ ውስጥ የሚገባው? ወይስ እነሱ ውስጥ ነበረና እሷ ስትመጣ ነው የሚነቃው?

«አንተን ምን አስጨነቀህ?» ትሉኝ ይሆናል። ጉዳዩ እኔንም ስለሚነካኝ ነዋ! ዕድሜዬ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ይህን ስናገር ሰዎች ፊት ላይ የምትመጣዋን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ እናንተም ፈገግ በሉና እንቀጥል። አንድ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። ግምጃ ቤቱ ቤዝመንት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ዝናብ መጣሉን የማውቀው ደንበኞች ጃንጥላ እያራገፉ ሲገቡ ነው። የቀለሙ ሽታ ደረቴ ውስጥ ቤቱን ሠርቶ፣ እናቴ መምጣቴን በሳሌ ነበር የምታውቀው። ከቅያሱ ገና ሳልታጠፍ ተነስታ በሩን ትከፍትልኛለች።

ባለፈው ክረምት አለቃዬ ወደ ላይ ጠራችኝ። ሽያጭ ላይ የነበረው ልጅ ሥራ ለቋል። ፒካፕ እየነዳ የካ አባዶና መሪ ሰፈር ያሉትን ሱቆች የሚያዳርስ ሰው ፈልጋለች። «አንተ ዕቃውን ታውቀዋለህ፤ መንጃ ፈቃድ ካመጣህ ሥራው ያንተ ነው። ግን እስከ መስከረም ብቻ ነው የምጠብቅህ» አለችኝ። አስቡት እስቲ። ፀሐይ! አየር! ሰው! ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ያን ቤዝመንት ተሰናብቼ ልወጣ ነው። አንድ ነገር ብቻ ደብቄያታለሁ። መኪና እፈራለሁ።

ተሳፋሪ ሆኜ ከሆነ ምንም አልል፤ እንዲያውም እተኛለሁ። መሪውን ስይዝ ነው ችግሩ። ፍሪሲዮን ላይ ያለው ግራ እግሬ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እሱ ሲንቀጠቀጥ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ መኪናው ሲንቀጠቀጥ እኔ የባሰ እፈራለሁ። ደግሞ የምለማመደው የት ነው? ፈረንሳይ! ሰፈራችንን የማታውቁ ካላችሁ፣ እያንዳንዱ ቤት የታችኛውን ቤት ጣሪያ እያየ የሚኖርበት ሰፈር ነው። መንገዱ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ ሦስተኛ ምርጫ የለውም።

አስተማሪዬ ብሩክ ይባላል። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ማስቲካ እያኘከ፣ ባለ ሁለት ፍሬን መኪናው ውስጥ ዘና ብሎ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ከእኔ ጋር በወጣ በሦስተኛው ቀን ማስቲካውን ተፋው። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅሁ፤ ዳገቱ ላይ መኪናው ጠፋብኝና ወደ ኋላ ተንሸራተትኩ። ሁለተኛውንም ወደቅሁ። ሁለተኛውን እንዴት እንደወደቅሁ መናገር አልፈልግም። እሺ፣ ልናገር፤ የመፈተኛ ሜዳውን ምሰሶ ከመኪናው ሥር እየጎተትኩ ወደ ፈታኞቹ ሄድኩ። እኔ ምሰሶው መውደቁን አላየሁም። ፈታኞቹ ሁሉ ቆመው ሲጠብቁኝ አክብረውኝ መስሎኝ ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት እናቴ ሾላ ገበያ ሽንኩርት ልትገዛ ስትወጣ የብሩክ መኪና በር ላይ ቆማ አገኘቻት። ታክሲ ጠፍቷል። ብሩክ ጨዋ ልጅ ነው፤ «እማማ፣ ይግቡ እናድርስዎት» አላት። ዘንቢሏን ይዛ ከኋላ ገባች። እኔ አፈርኩ። ልወድቅ ነው፣ ያውም በእናቴ ፊት፣ ብዬ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ። እግሬ ጸጥ አለ።

እውነቴን ነው። ዝም አለ። አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ቁልቁለቱን ወረድን፣ ዳገቱን ወጣን፣ ዳገቱ ላይ አቁሜ በእጅ ፍሬን ይዤ እንደገና ተነሳሁ። ብሩክ ማኘኩን አቁሞ አየኝ። ሾላ አድርሰናት ስንመለስ ግን ገና ከመነሳቴ መኪናው አራት ጊዜ ጠፋብኝ። ከኋላችን ክላክሱ ቀለጠ።

ብሩክ ማስቲካውን እያላመጠ ትንሽ አሰበና «ብሮ፣ ማዘርህ ነገ ሽንኩርት አትገዛም?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ የመኪናዋ ዕቃ ሆነች ብል ይቀለኛል። ብሩክ በራችን ላይ ሲደርስ «እማማ ተዘጋጅተዋል?» ብሎ ነው የሚጣራው፤ ስለ እኔ የሚጠይቀው ቀጥሎ ነው። ሰልጣኝ ሲበዛ ከኋላ ሁለት ሦስት ልጆች ይደረደራሉ፤ እናቴ መካከላቸው ነጠላዋን ተከናንባ ትቀመጣለች። ተራ የሚጠብቁት ልጆች «እማማ ደግሞ ስንተኛ ፈተናቸው ነው?» ይባባላሉ። እኔ በየመሐሉ ስፖኪዮውን አያለሁ። ብሩክ «ብሮ፣ ስፖኪዮ መንገድ ማያ ነው፤ እናት ማያ አይደለም!» እያለ ይጮህብኛል።

ከኋላ ሆና ምን ታደርግ ነበር? ምንም። ዓይኗን ጨፍና በለሆሳስ መዝሙር ታዜማለች፤ ያው ሁልጊዜ አንዱን። እኛ ቤት ጴንጤዎች ነን፤ ማለቴ እሷ ናት፣ እኔ የበዓል ብቻ ነኝ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዜም ካየን መንፈሱ እንዳረፈ እናውቃለን። እሷ ከኋላዬ እንዲህ ካረፈች እኔ ምን ያስፈራኛል? «እንዲህ ያለ ሰላም!» እል ነበር በልቤ፣ ማርሽ እየቀየርኩ።

ያም ሆኖ ነገሩ ያሳፍራል። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ቀላል አይደለም። የአክስቴ ልጅ ሃና አለች፤ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ናት። ለሷ ነገርኳት። የሌላ ሰው ታሪክ አስመስዬ ነው የነገርኳት፤ «አንድ የማውቀው ሰው አለ» ብዬ። ሃና ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ ግን ደህና አድርጋ አስረዳችኝ። የብዙ እንስሳት ልጆች እንደዚያው ናቸው አለች። የአይጥ ልጅ እንኳ፣ ገና ሕፃን ሳለ፣ እናቱ አጠገቡ ካለች ሌላ ጊዜ የሚያስደነግጠው ነገር አያስደነግጠውም፤ ሽታዋ ብቻ የሚበቃው ጊዜ አለ። ፍርሃቱ አንጎሉ ውስጥ ከተኛበት አይነሳም።

«ግን» አለች ሃና፣ «እናትየዋ ራሷ ከፈራች ልጁ ፍርሃቷን ይቀበላል። እሷ የፈራችውን ነገር እሱም ይፈራል።»

«እስከ መቼ ነው እንደዚህ የሚሆነው?» አልኳት።

«እስኪያድግ ነዋ» አለችና ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ አየችኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላው አይጥ ስለመኖሩ ግን የተማሩት ነገር የለም።

እኔም የዚህን ነገር መጨረሻ ሳላይ አልተኛም አልኩ። ጎረቤታችን ጋሽ ቶሎሳ ፈረስ አላቸው። ዱሮ የካ አባዶ በኩል ያርሱ ነበር፤ ዛሬ መሬታቸው ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። አሁን እንጦጦ ለሽርሽር የሚመጣውን ሰው በባዝራቸው ያንሸራሽራሉ። ጉራቻ ይሏታል። ጉራቻ ባለፈው ዓመት ወልዳ ውርንጭላዋ ሳይታሰር ከኋላ ከኋላዋ ይሄዳል። አንድ እሑድ አብሬያቸው ወጣሁ።

መንገዱን እያሳበርን ስንወጣ ገልባጭ መኪና አፈር ጭኖ እያጓራ መጣ። እኔ ወደ አጥሩ ተለጠፍኩ። ውርንጭላው ግን ምንም አልመሰለውም። ላይ ስንደርስ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ፤ ያ የሚበር ካሜራ እንደ ትልቅ ንብ እየጮኸ ከራሳችን በላይ ያንዣብባል። ውርንጭላው ሣሩን ይግጣል። ሙሽራዋ ጮኸች እንጂ እሱ አልደነገጠም።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ ይሄ ፈረስ አይፈራም እንዴ?» አልኳቸው።

«ቆይማ» አሉኝ። ጉራቻን ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ ወሰዷትና አሰሯት። ተመልሰው ውርንጭላውን በገመድ ይዘው «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ና» እያሉ ወደ ሜዳው ሳቡት። ነፋሱ አንድ ጥቁር ፌስታል ከሣሩ ላይ አነሳ። አንድ ፌስታል! ውርንጭላው ወደ ላይ ዘለለ፣ ጋሽ ቶሎሳን መሬት ለመሬት ጎተታቸው፣ አራቱም እግሩ ተንቀጠቀጠ። ያንን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ። ግራ እግሬ ላይ ያለው ራሱ ነው። ሄጄ አንገቱን አቀፍኩት። ሰው ቢያየኝ ፈረስ ወዳድ ይለኛል፤ እኔ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ጋሽ ቶሎሳ ሱሪያቸውን እያራገፉ «አየህ» አሉኝ፣ «መኪና ሲመጣ እሱ መኪናውን አያይም። የእናቱን ጆሮ ነው የሚያየው። ጆሮዋ ካልተነሳ እሱ ምን ቸገረው?»

«ታዲያ ብቻውን መሄድ እንዴት ነው የሚለምደው?»

«እሱን እኔም አላውቅም» አሉ። «ብዙ ፈረስ አሳድጌያለሁ፤ አንዱ በአንድ ቀን ይለምዳል፣ ሌላው ዓመት ይፈጅበታል። አንተ ግን ለምንድነው እንዲህ የምትጠይቀኝ?»

«እንዲያው ነው» አልኩ። ሰፈሩ ሁሉ እናቴ ከኋላ ተቀምጣ ስነዳ አይቶኛል፤ እሳቸውም አይተዋል። ጨዋ ናቸውና ጉራቻን ሊፈቱ ሄዱ።

ሦስተኛው ፈተና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሆነ። መኪናው ውስጥ እናት ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ጠይቄያለሁ። ፈታኙ እየቀለድኩ መስሎት ስቋል። እናቴ ከሽቦ አጥሩ ወዲያ ቆመች። ዳገቱን በወጣሁ ቁጥር ነጠላዋ ይታየኛል፤ ስታጠፍ ደግሞ በስፖኪዮ ትመጣለች። አለፍኩ! ብሩክ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። አለቃዬ የፒካፑን ቁልፍ ሰጠችኝና «ሁለት ሳምንት እንይህ፤ ካልሆነ ወደ ግምጃ ቤትህ ትመለሳለህ» አለች። እንዲህ ስትል ደረቴ ውስጥ ያ የቀለም ሽታ መጣብኝ።

የሰኞው ዕለት ደረሰ። ባለ ደብል ጋቢናው ፒካፕ ቀለም ተጭኖበት በራችን ላይ ቆሟል። መሪ ሰፈር ሦስት ሱቅ፣ የካ አባዶ አምስት ሱቅ ይጠብቀኛል። እናቴ ጋቢና ልትገባ ስትል «አይ፣ ከኋላ ወንበር» አልኳት። ለምን የሚሠራ ነገር ይነካል? ተነሳን። እግሬ ጸጥ ብሏል፤ ከኋላ ዜማው ይሰማኛል። የቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ አንድ ገልባጭ መኪና ከታች መንገዱን ሞልቶ መጣ። ጥግ ይዤ፣ ቀስ ብዬ፣ በደንብ አሳለፍኩት። ኩራት ተሰማኝ።

«አቁም» አለች እናቴ።

አቆምኩ። ዞሬ ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል። በሁለት እጇ የወንበሬን ጀርባ ጨምድዳ ይዛለች።

«ልጄ፣ እኔ ከዚህ በላይ አልችልም» አለች። «መኪና እፈራለሁ። ትልቅ ታክሲ ሲሆን፣ ሰው ሲበዛ፣ እንደምንም ነው። አንተ ስትነዳ ግን ነፍሴ ትወጣለች።»

«እንዴ! ዓይንሽን ጨፍነሽ ስታዜሚ አልነበር?»

«መንገዱን እንዳላይ ነዋ የጨፈንኩት! እንዳልጮህ ነዋ ያዜምኩት!» አለች። «ደግሞ የትኛውን መዝሙር መሰለህ? አንተ ሕፃን ሳለህ አባትህን ስንቀብር የተዘመረውን እኮ ነው። ቤተ ክርስቲያን ብትመጣ ኖሮ ታውቀው ነበር።»

ሁለት ወር ሙሉ በቀብር መዝሙር ነው ማርሽ የቀየርኩት። ሃና ምን ነበር ያለችኝ? እናት ከፈራች ልጅ ፍርሃቷን ይቀበላል አላለችም? የአይጥ ልጅ የሚያውቀውን እኔ እንዴት አላወቅሁም? ወይ እኔ ከአይጥ አንሳለሁ፣ ወይ እናቴ ከአይጥ የበለጠች ደባቂ ናት።

«ታዲያ ለምን ትቀመጪ ነበር?» አልኳት።

«አሥራ አንድ ዓመት እያሳልክ በር ከፍቼልሃለሁ» አለች። «እሱን ከምሰማ ብዬ ነው።» ከዚያ በሩን ከፍታ ወረደች። መንገዱ ዳር ቆማ የመገናኛ ሚኒባስ እጇን ዘርግታ አስቆመችና ገባች። እኔን ዞራ አላየችኝም።

ብቻዬን ቀረሁ። ግራ እግሬ ጀመረ። ከኋላ ክላክስ። ቀለሙ ተጭኗል፣ ሱቆቹ ይጠብቃሉ፣ አለቃዬ ትደውላለች፣ ቤዝመንቱ በሩን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ቀና ስል በሚኒባሱ የኋላ መስታወት ነጭ ነጠላዋ ይታየኛል። ሳላስበው ማርሽ አስገባሁ። ሚኒባሱ ሲሄድ ሄድኩ። ሲቆም ቆምኩ። ተሳፋሪ ሲያወርድ ከኋላው ጠበቅሁ፣ ሲጭን ጠበቅሁ። ሰፊ መንገድ ላይ ወጥተን መኪናው ሁሉ እያለፈን ይሄዳል፤ እኔ ንቅንቅ አልልም። እንዲህ እያልን ሾላን አለፍን።

መገናኛ ልንደርስ ስንል ሚኒባሱ ያለ ፌርማታው ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ መጣ፤ ወፍራም፣ የተቆጣ ሰውዬ ነው።

«ስማ፣ ከፈረንሳይ ጀምሮ የምትከተለኝ ምን ፈልገህ ነው? ትራፊክ ነህ?» አለኝ።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ መንጃ ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ። «እናቴ እዚያ ውስጥ ናት» አልኩ።

ሾፌሩ አየኝ። ጎንበስ ብሎ የጫንኩትን ቀለም አየ። እንደገና አየኝ። ከዚያ ወደ ሚኒባሱ ዞሮ በመስኮቱ «ማዘር! ይሄ ሰውዬ ልጅዎ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። እናቴም ዞረች። ትክ ብላ አየችኝ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ለልመና የሚመጣ ጎረምሳ ስትመልስ የምታሳየው ፊት ነው።

«አላውቀውም» አለች።

«ሰማህ?» አለኝ ሾፌሩ። «በል እለፍ!»

ደሜ ፈላ። የወለደችኝ! ያሳደገችኝ! በሰው ፊት! ፍሬቻ አሳየሁ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ ሚኒባሱን አልፌ ሄድኩ። በጣም ስለተናደድኩ፣ መፍራት እንደነበረብኝ ትዝ ያለኝ መሪ ሰፈር ደርሼ መኪናውን ካቆምኩ በኋላ ነው።